የመኖሪያ ቤቴ አንድ ክፍል ቢሮዬ ነው፤ ወጪው ከግብር ይቀነስልኛል?

ተርጓሚዋ (ማራኪ)፣ ሐምሌ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በጎንደር ማራኪ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ የሰነድ ትርጉም ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አልፎ አልፎም የጥናት መጠይቅ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። በግለሰብ ስም የወጣ የንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ደረጃ «ለ»፣ ማለትም የሂሳብ መዝገብ የምይዝ መካከለኛ ግብር ከፋይም ነኝ። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራይቼ እሠራ ነበር። በኮሮና ምክንያት ደንበኞቼ ሰነዳቸውን በቴሌግራም መላክ ሲጀምሩ ቢሮዋን ለቅቄ ሥራዬን ጠቅልዬ ወደ ቤት አስገባሁ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለስኩም።

የምንኖርበት ቤት የኪራይ ነው። አከራያችን በዕድሜ የገፉ፣ እኔንም ልጆቼንም እንደራሳቸው የሚያዩ እናት ናቸው፤ እሳቸው ከጓሮ ባለችው ቤት ይኖራሉ፣ እኛ ደግሞ ዋናውን ቤት ይዘናል። ቤቱን ሰሞኑን በሜትር ብለካው በጠቅላላው 60 ካሬ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ ቢሮ ያደረግኳት ክፍል 12 ካሬ ሜትር ናት። በውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና የመዝገበ ቃላት መደርደሪያ እንጂ አልጋም ሆነ ቁም ሣጥን የለም፤ ልጆቼም አይገቡባትም። ኪራዩ በወር 7,000 ብር ነው፤ ውላችን የቃል ነው፣ ገንዘቡንም ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። የመብራት ቆጣሪው የጋራችን በመሆኑ ከሂሳቡ ላይ በወር በአማካይ 450 ብር ይደርሰናል፤ ደረሰኙ ግን ዛሬም ድረስ የሚመጣው ከዓመታት በፊት ባረፉት ባለቤታቸው ስም ነው። የኢንተርኔቱ መስመር በእኔ ስም ሲሆን በወር 1,000 ብር እከፍልበታለሁ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሥራው ብቻ የሚውል ኮምፒውተር በ48,000 ብር፣ ጠረጴዛና ወንበር ደግሞ በ15,000 ብር ገዝቻለሁ፤ የሁለቱም ደረሰኝ በእጄ አለ።

የዘንድሮው (ከሐምሌ 2013 እስከ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ያለው የግብር ዓመት) ጠቅላላ ገቢዬ 640,000 ብር ነው። ለረዳቴና ለአርታዒ የከፈልኩትንና ሌላውን ወጪ ስቀንስ ከ300,000 ብር በላይ ይቀረኛል። እስካሁን ድረስ የቤቱን ወጪ አንዲትም ሳንቲም በወጪነት አቅርቤ አላውቅም፤ አይቻልም ብዬ ስለማስብ ነበር። በአሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ግን እዚያ አገር ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው በካሬ ጫማ 5 ዶላር እያሰበ እስከ 300 ካሬ ጫማ ድረስ እንደሚቀንስ ሲነግረኝ፣ የእኛስ ሕግ ምን ይላል ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ባለቤቴም ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ተቀጥሮ የሶፍትዌር ሥራ የሚሠራው ከዚሁ ከቤታችን ሆኖ ነው፤ ለእሱስ የሚቀነስ ነገር ይኖር ይሆን? የማሳወቂያው ጊዜ ነሐሴ 30 ቀን ስለሚያበቃ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።


የሂሳብ ባለሙያ (ፒያሳ)፣ ሐምሌ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ጉዳዩን ከመሠረቱ ብንጀምረው የሚሻል ይመስለኛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ የሚሠሩ የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው፤ የእኛ ክልል ሕግም በዚህ ጉዳይ ላይ የፌዴራሉን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ፈለግ የተከተለ በመሆኑ የፌዴራሉን አንቀጾች እየጠቀስኩ ባስረዳዎት አይሳሳቱም። የአዋጁ አንቀጽ 22 የንግድ ሥራ ገቢን ለማግኘት፣ ዋስትና ለመስጠትና ሥራውን ለማስቀጠል በግብር ዓመቱ ውስጥ የወጣ አስፈላጊ ወጪ ተቀናሽ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ የግል ፍጆታን ጨምሮ የማይቀነሱትን ወጪዎች ይዘረዝራል። «በመኖሪያ ቤት ውስጥ ያለ ቢሮ» የሚል የተለየ አንቀጽ አያገኙም፤ በአጎትዎ ልጅ አገር እንዳለው ያለ በካሬ የተቆረጠ ተመንም የለንም። በእኛ ሕግ የሚፈቀደው ለሥራው የዋለው ወጪ በዋለበት መጠን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ የሚያርፈው መጠኑን እንዴት እንደሚያሳዩ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ቤቱን በሜትር መለካትዎ ትልቅ ነገር ነው። 12 ካሬ ሜትር ከ60 ሲሰላ 20 በመቶ ይሆናል። ዓመታዊው ኪራይ 84,000 ብር ስለሆነ የቢሮዋ ድርሻ 16,800 ብር ነው። መብራቱ በዓመት 5,400 ብር ሲሆን በዚያው መጠን 1,080 ብር ይደርሳል። ኢንተርኔቱን ግን በካሬ ሜትር መክፈል ትርጉም የለውም፤ እሱ የሚከፈለው በአጠቃቀም ነው። ቀኑን ሙሉ እርስዎ ሰነድ ሲልኩና ሲቀበሉ ውለው ልጆቹ ማታ ማታ ብቻ የሚጠቀሙበት ከሆነ 70 በመቶውን ለሥራ ማድረግ ከእውነታው የራቀ አይመስለኝም፤ ከ12,000 ብር ላይ 8,400 ብር ማለት ነው። ባለቤትዎም በዚያው መስመር የሚሠሩ ከሆነ ግን መጠኑን ዝቅ ማድረግ ስለሚኖርብዎት ይህን በጥንቃቄ ያስቡበት።

ኮምፒውተሩን በአንድ ጊዜ ሙሉ ዋጋውን መቀነስ አይቻልም፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል ንብረት ስለሆነ የሚያዘው በእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ዋጋው በየዓመቱ እየተከፋፈለ ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ለኮምፒውተር፣ ለሶፍትዌርና ለመረጃ ማከማቻ መሣሪያዎች በቀጥተኛ የእርጅና ቅናሽ ስሌት በዓመት 20 በመቶ ይታሰባል፤ ስለዚህ ከ48,000 ብር ላይ 9,600 ብር ይሆናል። ለጠረጴዛና ለወንበር 15 በመቶ ነው፤ ከ15,000 ብር ላይ 2,250 ብር። ሁለቱም በሥራው ብቻ ስለሚያገለግሉ ሙሉ ቅናሹን ይወስዳሉ፤ ልጆቹ በኮምፒውተሩ የሚማሩበት ቢሆን ኖሮ ግን ቅናሹም በዚያው መጠን ይቀንስ ነበር።

ሁሉም ሲደመር 38,130 ብር ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ተመን መሠረት ግብር የሚከፈልበት ገቢዎ ከ130,800 ብር በላይ በመሆኑ የመጨረሻው ብር የሚቀረጠው በ35 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ይህ ወጪ ቢያዝልዎት ከግብሩ ላይ 13,345 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀንሳል። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ እስከዛሬ ሳይጠይቁት መቅረትዎም ያሳዝነኛል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ውስጥ በዛሬው ሁኔታ በማስረጃ የቆመው ግማሹ ያህል ብቻ ነው። ውሉ የቃል ነው፤ ክፍያው በእጅ ነው፤ ደረሰኝ የለም፤ የመብራቱም ወረቀት የሌላ ሰው ስም ይዟል። የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ስለሆነ፣ እውነተኛ መሆኑን እርስዎ ቢያውቁትም በወረቀት ያልታየ ኪራይ በምርመራ ጊዜ ይወድቃል።

ባለቤትዎን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። የተቀጣሪ ግብር የሚሰላው በጠቅላላ ደመወዙ ላይ ሲሆን ተቀጣሪው ከኪሱ ያወጣው የሥራ ወጪ አይቀነስለትም፤ የሥራ ግብሩንም አሠሪው ቀንሶ ስለሚከፍል ባለቤትዎ የሚያቀርቡት የወጪ መግለጫ የለም። የተሻለው መንገድ ላፕቶፑንና የሥራውን ኢንተርኔት አሠሪው በራሱ ስም ገዝቶ እንዲያቀርብላቸው መነጋገር ነው፤ ያኔ ወጪው የድርጅቱ ይሆናል፣ ዕቃውም የድርጅቱ ንብረት ሆኖ ይቆያል። በአሜሪካም ቢሆን የአጎትዎ ልጅ የነገሩዎት ቅናሽ በራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች እንጂ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ለተቀጣሪዎች አልሆነም።


አርክቴክት (አዘዞ)፣ ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ከልቤ ስለምመኝ።

እኔም ፕላን የምሠራው በምኖርበት ቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የኪራዩን ግማሽ፣ መብራቱንና ኢንተርኔቱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ በወጪነት አስገባሁ። ግማሽ ያልኩት በግምት ነበር፤ ለክቼም አላውቅ፣ የቤቱን ንድፍም አላያያዝኩም። በሙያዬ የሰው ቤት በሳንቲሜትር የምለካ ሰው የራሴን ቤት አለመለካቴ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። መርማሪዎቹ ሲመጡ ቢሮዬ ነው ያልኩት ክፍል ውስጥ የልጄ አልጋ ተዘርግቶ ነበር። የስዕል ጠረጴዛዬ በመስኮቱ ሥር፣ አልጋው ደግሞ በግድግዳው በኩል ነው፤ ልጁ የሚተኛው ማታ ነው፣ እኔ የምሠራው ቀን ነው ብዬ ባስረዳም ተቀባይነት አላገኘሁም። የኪራዩ ወጪ እንዳለ ተሰረዘ፤ ከእሱ ጋርም በስሜ የመጣው የኢንተርኔት ወጪ አብሮ ወደቀ። የጎደለው ግብር ተሰልቶ መጣ፤ በላዩ ላይ የ10 በመቶ ቅጣትና ወለድ ታከለበት።

በጣም የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። የውሳኔ ማስታወቂያው በደረሰኝ ጊዜ ተናድጄ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ። ቅሬታ ለማቅረብ የተሰጠው ጊዜ 21 ቀን መሆኑን ያወቅሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የኢንተርኔቱ ወጪ በሚገባ የተረጋገጠ ስለነበር በጊዜው ባመለክት ኖሮ ቢያንስ እሱ ይመለስልኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ ለክተው፣ ክፍሏን እንዳለች በስልክዎ ፎቶ አንስተው፣ የቤቱን ንድፍ በአንድ ገጽ ስለው ከመግለጫው ጋር ያስቀምጡ። ንድፉን ለመሣል ከከበደዎት መጠኖቹን ብቻ ይላኩልኝና ያለ ክፍያ እሠራልዎታለሁ።


ተርጓሚዋ (ማራኪ)፣ ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ የንድፉን ነገር በደስታ እቀበላለሁ። ስለ ኢንተርኔቱ ለተነሳው ጥያቄ፣ ባለቤቴ አሠሪው በሰጠው የሞባይል ዳታ ስለሚሠራ የቤቱን መስመር ለሥራ አይነካውም።

አሁን የጨነቀኝ የኪራዩ ጉዳይ ነው። ትናንት ማታ ቡና ላይ ለአከራያችን ነገሩን ጠቆም አድርጌላቸው ነበር። ውል በጽሑፍ እናድርግ፣ ክፍያውንም በባንክ ላስገባልዎ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ግብሩ ኪራዩን ሁሉ ጠራርጎ ቢወስድብኝስ ምን ልበላ ነው?» አሉኝ። ከዚህች ቤት ኪራይ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ሌላ የሚያከራዩት ቤትም የለም። እኔ 5,000 ወይም 6,000 ብር ለማትረፍ ብዬ እኒህን እናት ላስጨንቅ አልፈልግም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ወረቀት ብቀንስ የአዘዞው ወንድሜ የደረሰበት ይደርስብኛል። በዚህ መካከል ምን ዓይነት መንገድ አለ?


ጡረተኛ የግብር ኦዲተር (ቀበሌ 18)፣ ሐምሌ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ፣ ብዙ ዓመት በግብር ምርመራ ሥራ ላይ ቆይቼ በጡረታ ያረፍኩ ሰው ነኝ። ኪራዩን ከማየታችን በፊት ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉ የሚቀድመውም እሱ ነው። ቢሮሽን የለቀቅሽው በ2012 ዓ.ም. ነው ብለሻል። ታዲያ በንግድ ፈቃድሽና በግብር መዝገብሽ ላይ ያለው አድራሻ ዛሬ የት ነው? አሁንም ፒያሳ ከሆነ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ሥራሽ ፒያሳ ሆኖ ሳለ የማራኪ ቤት ኪራይ እንዴት የሥራ ወጪ ይሆናል?» ብሎ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ መነገር ነበረበት። ዘግይተሻል፤ ቢሆንም ራስሽ ሄደሽ ማስተካከልሽ ሌላ ሰው ደርሶበት ከሚያገኘው እጅግ ይሻላል። ከመግለጫው በፊት ይህን ጨርሺ።

አሁን ወደ አከራይሽ ልመለስ። ብዙ አከራዮች የሚፈሩት ግብሩ ከኪራዩ ሲሶ የሚወስድ መስሏቸው ነው። እስቲ አብረን እናስላው። በ2014 ዓ.ም. ሕግ የኪራይ ገቢ ግብር ለብቻው በተመደበለት የአዋጁ ሠንጠረዥ «ለ» ይታያል (ይህ ከግብር ከፋይ ደረጃ «ለ» የተለየ ነው)፤ የሂሳብ መዝገብ ለማይዝ ግለሰብ አከራይ ለጥገናና ለእርጅና በሚል ከኪራዩ ግማሹ ይቀነስለታል። ስለዚህ ከ84,000 ብር ላይ ግብር የሚታሰብበት 42,000 ብር ብቻ ነው። ከዚህም ውስጥ የመጀመሪያው 7,200 ብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 19,800 ብር ባለው ላይ 10 በመቶ ሲታሰብ 1,260 ብር፣ ከዚያ እስከ 38,400 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ ሲታሰብ 2,790 ብር፣ በቀረው 3,600 ብር ላይ 20 በመቶ ሲታሰብ 720 ብር ይመጣል። ድምሩ በዓመት 4,770 ብር ነው፤ በወር ሲታሰብ ከ400 ብር እምብዛም አይበልጥም።

ይህን ከአንቺ ሂሳብ ጋር አስተያዪው። የኪራዩ ድርሻ 16,800 ብር ሲያዝልሽ 35 በመቶው 5,880 ብር ነው። አንቺ የምታተርፊው እሳቸው ከሚከፍሉት ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ኪራዩን በወር 450 ብር ብትጨምሪላቸው የዓመቱ ጭማሪ 5,400 ብር ይሆናል፤ ጭማሪው በራሱ የሚያስከትለው ግብር 540 ብር ብቻ ስለሆነ የእሳቸው ጠቅላላ ግብር 5,310 ብር ይደርሳል፣ በእጃቸው የሚቀረውም ከበፊቱ አያንስም። አንቺ በበኩልሽ የጭማሪውም 20 በመቶ ሲያዝልሽ ከ800 ብር ያላነሰ ይተርፍሻል። ትርፉ ጥቂት መሆኑን አላጣሁትም። ሆኖም የጽሑፍ ውል ያለው ቤት ለአንቺም ለልጆችሽም መተማመኛ ነው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሳያስታውቁ የሰበሰቡት ኪራይ አንድ ቀን ከነቅጣቱ ቢጠየቁበት ያኔ የሚከብዳቸው ይበልጣል። ይህንኑ በቁጥር ጽፈሽ፣ ካስፈለገም የሚያምኑትን ዘመድ አስጠርተሽ፣ ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። የኪራይ ግብር ሳይከፍሉ የቆዩባቸው ዓመታት ካሉ ሳይጠሩ ራሳቸው ሄደው እንዲነጋገሩ ምከሪያቸው፤ ይህን ግን እንደ ማስፈራሪያ እንዳይሰሙት ከአንቺ አፍ ባይወጣና ዘመዳቸው ቢነግሯቸው እመርጣለሁ።

ያለፈውን ዓመት ኪራይ ተዪው። ዛሬ ተቀምጦ የሐምሌ 2013 ቀን የተጻፈበት ውል መፈረም ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ እውነት የከፈልሽው ገንዘብ ቢሆንም እንኳ ወረቀቱ ሐሰት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥሽ ሰው ቢመጣ አትስሚው። መብራቱንም ዘንድሮ አታስገቢው። ለወደፊቱ ለክፍሏ ወይም ለቤታችሁ ለብቻው የሚያነብ ቆጣሪ አስገቡ፤ ያ ካልተቻለ የዋናውን ደረሰኝ ቅጂና ድርሻሽን የሚገልጽ አከራይሽ የፈረሙበት ወረቀት በየወሩ አያይዢ። ለ1,080 ብር ብለሽ የቀረውን ንጹሕ ሂሳብሽን ጥርጣሬ ውስጥ አታስገቢው፤ መርማሪ አንድ ደካማ ወረቀት ሲያገኝ ጠንካራዎቹንም በዚያው ዓይን ማየት ይጀምራል። እኔም በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲያ ነበርኩ።


የጥልፍ ባለሙያ (አራዳ)፣ ሐምሌ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

እኔ ደግሞ የምሠራው እናቴ ባወረሰችኝ የራሴ ቤት ውስጥ ነው። አንደኛው ክፍል የጥልፍ መኪናዎቼ የተተከሉበት ነው። ለራሴ ኪራይ እንደከፈልኩ አድርጌ ማስላት እችላለሁ? ደረጃዬ «ሐ» ነው።


የሂሳብ ባለሙያ (ፒያሳ)፣ ሐምሌ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ፣ ለራስ የሚከፈል ኪራይ የሚባል ወጪ የለም፤ ገንዘቡ ከእጅዎ አልወጣምና። የራሱ ቤት ያለው ሰው የሚያሰላው የሕንፃውን የእርጅና ቅናሽ ነው፤ ይህም በቀጥተኛው ስሌት በዓመት 5 በመቶ ሆኖ ለሥራ በዋለው ክፍል መጠን ብቻ የሚወሰድ ሲሆን መሬቱ አያረጅም ተብሎ ስለሚታሰብ አይገባበትም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. አሠራር ደረጃ «ሐ» እንደመሆንዎ የሚከፍሉት በዓመታዊ ሽያጭዎ ላይ ተመሥርቶ የተቆረጠ ግብር ነው፤ ወጪው በቁርጡ ውስጥ ታስቦ የተካተተ ስለሆነ መኪናውንም ሆነ ክፍሉን ለይተው አይቀንሱም። ገቢዎ በዓመት 500,000 ብር ደርሶ ወደ ደረጃ «ለ» ሲሻገሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገብ መያዝ ስለሚኖርብዎት የመኪናዎቹን የግዥ ደረሰኝ ከአሁኑ እንዳይጥሉት።


ተርጓሚዋ (ማራኪ)፣ ነሐሴ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

የደረስኩበትን ሳልነግራችሁ እንዳልቀር ብዬ ተመልሻለሁ። ጡረተኛው ኦዲተር አባቴ እንደመከሩኝ መጀመሪያ አድራሻዬን ወደ ማራኪ አዛወርኩ፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ ቢጠይቅም ተጠናቋል። ከአዘዞ የተላከልኝን የቤቱን ንድፍና ሦስት ፎቶዎች ከመዝገቤ ጋር አስቀምጫለሁ።

ለአከራያችን ሂሳቡን በትልልቅ ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፌ፣ የወንድማቸው ልጅ ባለበት አነበብኩላቸው። 4,770 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «በዓመት ነው ወይስ በወር?» ብለው ሲጠይቁኝ በዓመት መሆኑን የወንድማቸው ልጅ ራሱ አስልቶ አረጋገጠላቸው። ሳምንት አስበውበት እሺ አሉ። ውሉን ከሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ወዲህ ላለው ጊዜ ብቻ፣ የተፈረመበትን እውነተኛ ቀን ይዞ፣ በወር 7,450 ብር አድርገን በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ፈርመናል። የባንክ ደብተር ስላልነበራቸው አብሬያቸው ሄጄ አስከፈትኩላቸው፤ የነሐሴውን ኪራይ ያስገባሁት በእሱ ነው። የወንድማቸው ልጅም ለግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ስላለፉት ዓመታት ኪራይ ለመነጋገር በሚቀጥለው ሰኞ ይዟቸው ይሄዳል።

የ2014 ዓ.ም. መግለጫዬን ትናንት አስገብቻለሁ። ኪራዩንና መብራቱን ትቼ፣ የኢንተርኔቱን 8,400፣ የኮምፒውተሩን 9,600፣ የጠረጴዛና የወንበሩን 2,250፣ በድምሩ 20,250 ብር አቅርቤ ከግብሩ ላይ 7,087 ብር ከ50 ሳንቲም ቀንሷል። የመብራቱን ነገር ለመስከረም አስቤዋለሁ፤ ለቤታችን ብቻ የሚያነብ ቆጣሪ እንዲገባ አከራያችን ፈቅደዋል፣ የመስመር ሠራተኛውንም ቀጥረነዋል።